በሩ ላይ ጓያ አለ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ምንም አዲስ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ጠዋት አልነሳም ብሎ አስቸገረኝ፤ ነቅዬ ስሰካው ተነሳ። ከሰዓት መብራት ጠፍቶ መጣ። ግቢው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ አንድ ወፍ ጎጆ እየሠራ ነው… ምን ወፍ እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። አቶ ደምሌ «አንቺ ልጅ፣ የማይመለከትሽ ነገር የለም?» አሉኝ። እናቴም እንዲሁ ነው የምትለኝ።

ነገ ረቡዕ። የአዋላጆች ስብሰባ። የእስቴ፣ የስማዳና የጋይንት አዋላጆች ከያሉበት ጤና ጣቢያ በዙም ይገባሉ፤ የማሕፀን ሐኪሙ ዶክተር ሙሉቀን ከደብረ ታቦር ይገባል። በየሳምንቱ አንዷ የገጠማትን ታቀርብና ይመካከሩበታል። የእኔ ሥራ ከመካነ ኢየሱስ ሆኜ ሊንኩን መላክ፣ «ድምፅ ይሰማል?» ማለት፣ ዶሮ የሚጮኽበትን ማይክ ፈልጎ ማጥፋት። የጤና መረጃ ባለሙያ ተብዬ ተቀጥሬ በር ከፋች ሆንኩ እያልኩ እቀልዳለሁ። አቶ ደምሌ ግን ቀልዱን አይወዱትም። ቡድን መሪያችን ናቸው፤ ስብሰባውን ደጅ ጠንተው ያስጀመሩት እሳቸው ስለሆኑ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት።

የነገዋ ተረኛ ባዩሽ ናት። ከወገዳ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ ብቻዋን የምትሠራ አዋላጅ፤ ገና ልጅ ናት። ነሐሴ ላይ አንዲት እናት ሞታባታለች። እሱን ነው የምታቀርበው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ሳቅም ይመጣብኛል… ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሁሉም ሰላምታ ተለዋወጠ። (ሰላምታው ብቻ ጊዜውን ይበላዋል። እያንዳንዷ ለእያንዳንዷ «እንደምን ከረማችሁ» ካላለች ስብሰባ አይጀመርም።) ሲስተር ማሬ ያለፈው ሳምንት ጉዳያቸውን ጨረሱ። ዶክተር ሙሉቀን «እሺ ባዩሽ፣ ተራሽ ነው» ከማለቱ አራት አምስት ሰው ተግተልትሎ ገባ። ስማቸው «አይፎን»፣ «ኪንግ»፣ «እንግዳ»። ወዲያው ዘፈን፤ ጆሮ የሚበጥስ። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ እንደ አህያ ያናፋል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ራቁት ፎቶ… እዚህም ቢሆን አልጽፈውም።

ሲስተር ማሬ የጋይንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴትዮ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «በስመ አብ! የማን ቤት ነው የገባነው?» አሉ። አንዷ በድንጋጤ የራሷን ካሜራ በእጇ ሸፈነች። እኔ አንዱን ሳስወጣ ሁለት ይገባል፤ ያንን ሳስወጣ የመጀመሪያው ይመለሳል። በመጨረሻ ስብሰባውን ራሱን ዘጋሁት።

አቶ ደምሌ ከጎኔ ቆመው ነበር። በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

እነማን ናቸው? እንዴት አገኙን? እስቴና ስማዳ ስለ ምጥ የሚያወራን ሰው ማን ብሎ ይፈልጋል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሳነብና ስጠይቅ ዋልኩ። ለካ ሊንክ ማለት የቤት ቁልፍ ነው፤ የደረሰው ሁሉ ይገባበታል። እኛ ደግሞ ከተጀመረ ጀምሮ ያንኑ አንድ ሊንክ ነበር የምንጠቀመው። የይለፍ ቁጥሩም እዚያው ሊንኩ ውስጥ ተጣብቆ ይሄዳል። ስክሪን ማጋራት ለማንም፣ ማይክ ለማንም። በሩን በርግደን ከፍተን ለምን ገቡ እንላለን…

ሊንክ እየተቀባበሉ የሰው ስብሰባ ላይ የሚዘምቱ ልጆች አሉ አሉ። ለጨዋታ ነው አሉ። ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? የማያውቁትን ሰው ድንጋጤ ማየት ምኑ ያስቃል? እውነት ለመናገር ከንዴቴ ይልቅ ማወቅ ፈለግኩ። ቢገኙ ፊት ለፊት አስቀምጬ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

አሁን እንዲህ አደረግኩ፦ አዲስ ሊንክ አወጣሁ። ስክሪን ለእኔና ለዶክተሩ ብቻ። ማይክ ሲገቡ ዝግ። ደግሞ መጠበቂያ ክፍል የሚባል ነገር አለ፤ ሰው መጀመሪያ እዚያ ይቆማል፣ እኔ ካልፈቀድኩ አይገባም። አቶ ደምሌ በጣም ወደዱት። «እንደ ደጀ ሰላም መሆኑ ነው» አሉ።

ከበላይ መሥሪያ ቤትም ተደውሎላቸዋል። ከተደገመ ስብሰባው ቀርቶ በወረቀት ሪፖርት ይደረጋል ተብለዋል። «ወረቀት የምትደማን ሴት ምን ያደርግላታል?» እያሉ ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ አሉበት። እውነታቸውን ነው። ለነባዩሽ ከዚህ ስብሰባ ሌላ ሐኪም የሚያዩበት መንገድ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ተደገመ።

በእኔ አልነበረም። መብራት ጠፋና ጄኔሬተር ላስነሳ ወጣሁ። በሩን ለአቶ ደምሌ አደራ ብዬ። «የማያውቁትን እንዳያስገቡ» ብያለሁ። ስመለስ «ዶክተር አስቻለው፣ ባሕር ዳር» የሚል ስም ውስጥ ተቀምጧል።

«ይኼ ማን ነው?»

«ዶክተር ናቸው። ደጅ ላይ ቆመው…»

«ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም። ታዲያ ዶክተር ያህል ሰው ደጅ ላይ አቁሜ ልይ?»

ይባስ ብሎ እንግዳው ሰላም ይበል ብለው ማይኩን ከፍተውለታል። ዶክተር ሙሉቀን «ባዩሽ፣ ያለፈው እንዳይደገምብን ቶሎ እንጀምር» ሲል «ዶክተር አስቻለው» ጀመረ። የልጅ ድምፅ ነው። ገና ያልጎረመሰ ሁሉ ይመስላል። ያን የመሰለ ስድብ ከየት ተማረው? ከኋላው ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። ደግነቱ ወዲያው አስወጣሁት፤ ግን ሁሉም ተረብሸው ነበር፣ ሁለቱ ወጡ፣ ባዩሽም ጠፋች።

አቶ ደምሌ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። «እንግዳ ደጅ ላይ አቁሜ አላውቅም እሌኒ። አባቴ ቤት እንዲህ ሲደረግ አላየሁም» አሉ። አንጀቴን በሉት። ልቆጣቸው ነበር፤ ተውኩት።

በመጨረሻ ግን ተነሥተው ጠረጴዛውን መቱት። «ይኼን ሊንክ የሰጠ ሰው አለ። ያገኘሁት ቀን ለወረዳው አቀርበዋለሁ። ከሥራ ይባረራል!» ከላይም አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷችኋል ተብለዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

አዲሱን ሊንክ የላክሁት ለአዋላጆቹ ብቻ ነው። ለሌላ ለማንም።

ደግሞ ሁለቱም ጊዜ ባዩሽ አፏን ልትከፍት ስትል። አጋጣሚ ነው? …

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ስልክ ስደውል ዋልኩ። ለእያንዳንዷ ለየብቻ። «ረቡዕ ስትገቢ ስምሽን አትጻፊ። በስምሽ ቦታ የምሰጥሽን እህል ጻፊ። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለሌሎቹም አዋላጆች።» አንዷን ስንዴ አልኳት፣ አንዷን ባቄላ፣ አንዷን አተር፣ አንዷን ምስር። ለሲስተር ማሬ ገብስ ሰጠሁ። «ገብስማ ለእኔ ይገባል፣ የጋይንት ሰው ነኝ» ብለው ሳቁ። ዶክተሩን ጤፍ አልኩት፤ ለክብሩ።

ባዩሽ ጋ ስልኩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ።

«አንቺ ጓያ ነሽ።»

«ጓያ? እቴ፣ ሌላ እህል አጣሽልኝ?»

«አልቆብኝ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «ረቡዕ እኔ ነኝ የማቀርበው?»

«አዎ፣ አንቺው ነሽ።»

ዝም። ኔትወርኩ ሄደ ብዬ ልዘጋው ስል «እሺ» አለች።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቃሉ ከእኛው ሰው ከወጣ፣ የሚረብሹት በየትኛው እህል ስም እንደሚመጡ አያለሁ። ለአቶ ደምሌ እህል እንደሰጠሁ ብቻ ነው የነገርኳቸው፤ ለማን የቱን እንደሰጠሁ አላልኩም። ወጥመድ ነው እንግዲህ… ልቤ እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ደስ ማለቱ ትንሽ አሳፈረኝ፤ የሚያዘው ሰው የማውቀው ሰው ነውና።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

አቶ ደምሌ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ሄደዋል። በሩ ላይ ብቻዬን ነኝ።

ስንዴ አንኳኳች፤ አስገባሁ። ባቄላ። አተር። ገብስ። ዶክተሩ የተሰበሰበውን ስም አይቶ «ዛሬ ጎተራ ውስጥ ነው እንዴ የገባሁት?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከተረበሽን ወዲህ ሲስቁ ገና መስማቴ ነው።

ጓያ አንኳኳች። ገባች። ባዩሽ ናት፤ ነጭ ጋወን፣ ከኋላዋ የክትባት ፖስተር። ከሁሉም ጋር ሰላም ተባባለች።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጓያ አንኳኳ።

ውስጥ ጓያ አለ። በሩ ላይም ጓያ አለ። ከዚያ ሦስተኛ መጣ፣ አራተኛ መጣ… ደጁ በጓያ ተሞላ። የሚያንኳኳው የሚታየው ለእኔ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሲስተር ማሬን እየሰሙ ነው። የባዩሽን ፊት አየሁት። አንገቷን ደፍታ አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች።

«እሺ ባዩሽ፣ ተራሽ ነው» አለ ዶክተሩ።

ማንም አልገባም። ቀና ብላ ጠበቀች። አሁንም ማንም አልገባም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ… ከዚያ ካሜራዋ ጠፋ።

«የስማዳ ኔትወርክ ነገር!» አለ ዶክተሩ።

ኔትወርክ አይደለም።

ማወቅ የፈለግኩትን አወቅኩ። ታዲያ ለምን ከፋኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

አቶ ደምሌ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ «እህስ?» አሉ።

«በጓያ ስም መጡ። አላስገባኋቸውም።»

«ጎሽ! ጓያን ለማን ነበር የሰጠሽው?»

ኪቦርዱን መጥረግ ጀመርኩ።

«እሌኒ።»

«መጀመሪያ ለምን እንዳደረገችው ልወቅ።» አምልጦኝ «አደረገችው» አልኩ… ለነገሩ ሁሉም ሴቶች ናቸው።

«ለምኑን ለወረዳው ታስረዳ። የእኛ ነገር አልቋል፣ ትታገዳለች።»

«ትንሽ ቀን ይስጡኝ።»

አልሰጡኝም፤ ለሲስተር ማሬ ደወሉ። ሴትዮዋ ስልክ ላይ ሲያወሩ ከሌላ ክፍል ይሰማል። «አቶ ደምሌ፣ እኔ ገብስ ነኝ። የጓያን ነገር ጓያን ይጠይቁ» አሏቸው። ሲስተር ማሬም የገባውን ስም አይተዋል ማለት ነው። አውቀው ነው ዝም ያሉት። አቶ ደምሌ በንዴት ጉንጫቸውን ነፉ፤ እኔ ደግሞ ሳቄን ዋጥኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ወገዳ

አጥንቴ ተለያየ። መንገድ ይሉታል ይኼን! በየማሳው አጨዳ ነው፤ ሾፌሩ የጠየቅኩትን ሁሉ ሲመልስልኝ ደከመውና ሬዲዮ ከፈተ። ሰበቤ የመረጃ ጥራት ክትትል ነው። ከወገዳ ወዲያ በሞተር ሄድኩ።

ባዩሽ የማዋለጃ ክፍሉን ወለል እያጠበች አገኘኋት። ስታየኝ ባልዲውን አስቀመጠች።

«ረቡዕ ጓያ በዝቶብን ነበር» አልኩ። በመኪና ስመጣ ሌላ የወሬ መግቢያ ሳዘጋጅ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ይኼ ሆነ።

አልካደችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወጣላት… እንዳለችው ልጻፈው፤ ከረሳሁት ይቆጨኛል።

«ሁለት ነበሩ፣ በአንድ ቀን። አንደኛዋ ወለደች፣ ደህና ናት፣ ሆዷን ነካሁት፣ ጠንካራ ነው። ከወዲያኛው ክፍል ሌላዋ እየጮኸች… ልጁ እየመጣ። ሄድኩ። እሷን ሳዋልድ፣ ልጁ አልተነፍስ ሲለኝ፣ ስታገል… ስመለስ ጋቢ ለብሳ ተኝታለች። የተኛች ነው የመሰለኝ እቴ። ጋቢውን ብገልጠው…»

ወንዙ ሞልቶ ነበር። አምቡላንሱ ከወዲያ ማዶ ቀረ። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈች።

«አማቷ መጥተው ‹እግዜር ይስጥሽ፣ ደክመሽልናል› አሉኝ። መረቁኝ እኮ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ ይኼን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሲስተር ማሬ ፊት… ጥያት ሄድኩ ብዬ ልናገር?»

ለአክስቷ ልጅ አልቅሳ ነገረችው። እዮብ ይባላል፤ ባሕር ዳር ይማራል። «ሊንኩን ላኪልኝ፣ ስብሰባው እንዳይካሄድ አደርግልሻለሁ» አላት።

«ኮምፒውተር የሚያበላሽ ነው የመሰለኝ። ያን ፎቶ ሲያወጡ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ግን… ተራዬ አለፈ። ሁለተኛውን አውቄ ላክሁለት። ሦስተኛውንም።»

ልቆጣት መጥቼ ነበር? እንጃ። እኔ እንኳ እንግዳ ስፈልግ ከረምኩ፣ ሊንክና መጠበቂያ ክፍል… ፍርሃቷ ግን ከመጀመሪያውም ውስጥ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። በረኪና ይሸታል።

«አቶ ደምሌ ስምሽን አያውቁም። ከእኔም አይሰሙም። ረቡዕ ግን አቅርቢው» አልኳት።

«ቢያባርሩኝስ?»

«እዮብን ተው በይው» ብቻ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

እህሉን ቀየርነው። አዲሱን ቃል ያወጡት አቶ ደምሌ ናቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ «ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ምራን…»፤ ልጅ ሳሉ አርሰዋል፣ ፊታቸው በራ። ማንን ምን እንደምል አሁንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባዩሽን ምራን አልኳት፤ ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረው ጠፍር ነው ብለው አስረዱኝ።

ትመጣለች? አትመጣም? ሰላምታው ሊያልቅ ሲል ምራን አንኳኳች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ደጁ ጭር ብሏል።

አቀረበች። ለእኔ እንዳለችው፣ አንድም ሳታስቀር። «ጥያት ሄድኩ» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው። ይሄ ሁሉ ማይክ ባለበት ዶሮ እንኳ አልጮኸም።

ዶክተር ሙሉቀን አልሸነገላትም። «ቶሎ ተመልሰሽ ልታያት ይገባ ነበር። ይኼ ያንቺ ስህተት ነው። ለሁለት ምጥ አንቺን ብቻ ማስቀመጣችን ደግሞ የእኛ ነው» አላት።

ሲስተር ማሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ያን ሰዓት ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ስብሰባው… ረቡዕ ብቻ ነው ብዬ…»

«እኔስ ረቡዕ ብቻ ነው የምኖረው?»

ባዩሽ ያኔ አለቀሰች። ሲስተር ማሬም። እኔም እዚህ… አቶ ደምሌ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ሁለት ነገር ተወሰነ። የወለደችን ሴት ትተሽ ከሄድሽ፣ አብራት ያለች ዘመድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃት፤ ሆዷ ሲላላባት እንድትጮህ አስተምሪያት። ሌላው፣ የስብሰባው ቁጥር በየማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ብቻዋን የጨነቃት ያንኑ በር ታንኳኳ። በማንኛውም ቀን፤ እኔ እከፍታለሁ።

ስንወጣ አቶ ደምሌ «ለዚህ ነው ደጅ የጠናሁት» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ጓያን ግን አልረሳኋትም።»

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስመን ተመለስን። የግቢው ወፍ ጫጩቶች አሉት። ስሙን አሁንም የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ዛሬ… በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስብሰባው ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት ሰውዬ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሆነው ገብተው ያዳምጡ ነበር። አቶ ደምሌ ክራባት አስረው መጥተዋል። ሁሉም ገብቷል፤ ምራን ብቻ የለችም።

በሩን «ቴክኖ ስፓርክ» የሚል አንኳኳ። የስልክ ስም ነው፣ ቃል የለውም። አላስገባሁም። ጠፋ። እንደገና መጣ።

«ቃል ከሌለው አይገባም» አሉ አቶ ደምሌ። አሁን ከእኔ የባሱ ዘበኛ ሆነዋል።

ጠፋ። ከዚያ ስሙን ቀይሮ መጣ።

ጓያ።

አቶ ደምሌ ከወንበራቸው ተነሡ። «እነዚያ ናቸው! እሌኒ፣ እንዳትከፍቺ! ሰውዬው እየሰሙ ነው!»

እነሱ ይሆኑ? እዮብ ትቶታል፤ ጓደኞቹስ? ያን ቃል የሚያውቁት ብዙ ናቸው። ከፍቼ ራቁት ፎቶ ቢወጣ፣ ሰውዬው ፊት… አበቃ፣ ስብሰባው ዛሬ ተዘጋ። ባልከፍትስ? ምራን ለምን አልገባችም? ባዩሽ ጭንቅ ውስጥ ብትሆን፣ ከሁሉ ቃል የትኛው ነው የሚመጣላት?

ከፈትኩ።

ጣሪያ። የተዘቀዘቀ ግድግዳ። የሽማግሌ ድምፅ፦ «ኧረ ተከፈተ! ሲስተር፣ ተከፈተ!» የጤና ጣቢያው ጥበቃ ጋሽ ይሁኔ ናቸው፤ ስልኩ የእሳቸው ነው። ሲያዞሩት ባዩሽ ታየች። ጓንቷ ደም በደም።

«ስልኬ ሞቶብኝ ነው። እየደማች ነው፣ አልቆም አለኝ። ብቻዬን ነኝ።»

ዶክተር ሙሉቀን ወዲያው ገባበት። ይህን መርፌ፣ ሆዷን እሺው፣ የእንግዴ ልጁን አሳዪኝ፣ ጎደሎ አለው? እጅሽን እንዲህ፣ ሌላኛውን ከላይ፣ ጨብጠሽ ያዢ፣ እንዳትለቂ። ሲስተር ማሬ ከሥሩ እንደ እሹሩሩ «በርቺ ልጄ፣ አለን፣ አለን» ይላሉ። ወገዳ አጠገብ ያለችው አዋላጅ ሞተር ላይ ወጥታ ገሠገሠች። አቶ ደምሌ ክራባታቸውን አላልተው የአምቡላንስ ሾፌሩን በስልክ ያጣድፋሉ፤ አሁን ወንዙ ጎድሏል፣ መንገዱ ያስኬዳል። የሴትዮዋ እናት እጃቸው የልጃቸው ሆድ ላይ ነው። አስተምራቸዋለች ማለት ነው።

ያ ሁሉ ሰው የጋሽ ይሁኔን አንድ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ያያል።

«ቀነሰ» አለች ባዩሽ። ቆይታ ደግሞ «ቆመ» አለች። «ዶክተር፣ ቆመ።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሴትዮዋ ደብረ ታቦር ደርሳለች። በሕይወት። ልጇን አጥብታለች። ባዩሽ ናት የደወለችልኝ፤ ደስታዋ ስልኩን ሰብሮ ሊወጣ ነበር።

«ምራን ጠፋብኝ እሌኒ። ጋሽ ይሁኔ ‹ቃል በይ› ሲሉኝ ጓያ ብቻ መጣልኝ። ብትከለክዪኝ…»

ሰውዬውም ደውለዋል። ስብሰባው ይቀጥላል። ሌሎች ወረዳዎችም ሊጀምሩት ነው።

ከሰዓት አቶ ደምሌ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ቆሙ። ትናንት ከዓይናቸው ሥር ነው ያ ስም አንኳክቶ ባዩሽ የወጣችው።

«እሌኒ፣ ያቺ ጓያ…»

«አቤት።»

በመስኮቱ ባሕር ዛፉን አዩ።

«ለባዩሽ የማትረሳውን ቃል ስጫት። በጭንቅ ጊዜ የሚመጣላትን» አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩኝና ወጡ።

ገባቸው? ለወረዳው የማቅረቡን ነገር ተዉት? እኔ የወፍ ስም እንኳ ሳላውቅ የማላድር ሰው… ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኳቸውም።

ለባዩሽ መልሼ ደወልኩ። የእዮብ ጓደኞች ያን ቃል ያውቁታል፤ ቢያንኳኩ ያንኳኩ። ከፍቼ፣ ፊታቸውን አይቼ ነው የማስወጣቸው። አሁን ማስወጣቱን ችዬበታለሁ።

«ከእንግዲህ ያንቺ ቃል አይቀየርም» አልኳት። «ጓያ ነሽ።»

ዝም አለች። ኔትወርኩ ሄደ ብዬ ልዘጋው ስል ሳቋ መጣ።

«እቴ፣ ሌላ እህል አጣሽልኝ?»